የቅዳሜው የሽንኩርት ሽታ

ነገሩ የገባኝ የጎረቤቴ ዶሮዎች ያለቁ ዕለት ነው። እሑድ ማለዳ ነበር። ሱብሒ ሰግጄ ገና ከመስገጃው ሳልነሳ በሬን በእግሯ እየመታች መጣች። እጇ ሁሉ ዶሮ ነበር። ስድስቱን በእግራቸው አንጠልጥላ ይዛቸዋለች፤ አንገታቸው እንደ እርጥብ ጨርቅ ወዲያና ወዲህ ይላል።

«ኧረግ! ምን ነካቸው?» አልኩ።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ማታ ሳስገባቸው ደኅና ነበሩ። ፈንግል እንዳልል ተቅማጥ የለ። ሸለምጥማጥ እንዳልል ደም የለ። ተኝተው እንደቀሩ ነው ያገኘኋቸው።»

ይህች ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ ከኔ ከፍ ያለች፣ በሐዘን ቤት እንኳ ቀልድ የማታጣ ሴት ናት። እትዬ ነው የምላት። ከሚሴ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ካለ የማሾ መጋዘን አብረን እንሠራ ነበር። ማሾ ያቺ አረንጓዴ፣ ድቡልቡል፣ ከምስር ተለቅ የምትል እህል ናት፤ ውጭ አገር ይልኳታል። እኛ ሴቶቹ መሬት ተቀምጠን ጠጠሩንና ስባሪውን እንለቅማለን።

«ምን አብልተሻቸው ነው?» አልኳት።

«ምንም! ቅንቅን ፈጃቸው ብዬ ትናንት ቤታቸው ውስጥ አመድ ነሰነስኩላቸው እንጂ።»

«የምን አመድ?»

«የመጋዘኑን ነዋ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምንጠርገውን። ነቀዝ የገደለ ቅንቅን ያቅተዋል?»

ተነሥቼ ሄድኩ። የዶሮዎቹ ቤት በጭቃ የተመረገች፣ አፏ በጆንያ የምትደፈን ጠባብ ነገር ናት። ጆንያውን ስገልጠው የማውቀው ሽታ ፊቴን መታኝ። ነጭ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት ይላል። ግራጫውን ዱቄት በስንጥር ገለጥ ባደርገው ገና ያልፈረሰ የክኒን ስባሪ ወጣ። ስንጥሩን ጣልኩት። ያን ዱቄት ትናንት ጠዋት ልጄ ተንበርክካ፣ በባዶ እጇ እያፈሰች ነበር የጠረገችው። የአምስት ወር እርጉዝ ናት።

ልጄን እዚያ ያስገባኋት እኔ ነኝ። የበኩር ልጄ ናት። ባሏ ዓረብ አገር ሄዶ ብቻዋን ቀርታ ስለነበር፣ ቤት ተቀምጣ ከምትተክዝ አጠገቤ ትሁን ብዬ ካቦውን ለመንኩት። ካቦ የምንለው የሥራ አለቃችንን ነው። «ዐይኗ የተባረከ ነው፣ ጠጠር አያመልጣትም» አልኩት። እውነቴን ነበር። ከእኔ ፈጥና ትለቅማለች።

የመጋዘኑ ሥራ እንዲህ ነው። ሐሙስ ማታ እኛ ስንወጣ ወንዶቹ ጆንያውን ይከምሩና በመሀል በመሀሉ የነቀዝ ክኒን ያደርጋሉ። ከዚያ በትልቅ ሸራ ይሸፍኑታል፤ የሸራውንም ጫፍ ዙሪያውን በአሸዋ ይጫኑታል። ጁምዓ መጋዘኑ ተዘግቶ ይውላል። ቅዳሜ ጠዋት ሸራው ይገለጣል፣ እኛም ወዲያው እንገባለን። ክኒኑ አየር ሲነካው ፈርሶ አመድ ስለሚሆን፣ የመጀመሪያው ሥራችን ያን መጥረግ ነው። መርዝ ነው ያለን ሰው የለም። አትንኩት ያለንም የለም።

ሽታውን ደግሞ እንወደው ነበር። ይህን መናገር ይከብደኛል። በእኛ አገር ሕፃን ሲያተኩሰው ነጭ ሽንኩርት በክር አንገቱ ላይ ይታሰራል። እርጉዝ ሴት ትራሷ ሥር ታደርገዋለች፣ ለዐይን፣ ለቡዳ። ቅዳሜ በሩ ሲከፈት ያ ሽታ ሲመጣ ሴቶቹ «ማሻ አላህ፣ ዛሬ ቤቱ ተጠብቋል» እያሉ ይገባሉ። እትዬ ሁልጊዜ አንድ ቀልድ አላት፤ «ሽንኩርቱስ ቡዳ ያባርራል፣ ካቦውን ግን አላባረረልንም» ትላለች።

እኔም ልጄን «ሳቢው፣ ላንቺ ጥሩ ነው» እላት ነበር። እናቷ ነኝ፤ በገዛ አፌ ነው ያልኳት።

ዶሮዎቹ ከሞቱ በኋላ ሁሉን ነገር በጎን ማየት ጀመርኩ። ልጄ ያስመልሳት ነበር፤ ራሷን ይይዛታል፤ ደረቴን ጨመደደኝ ትላለች። እስከዚያ ድረስ እርግዝና ነው ብለን ትተነው ነበር። እኔ አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ደብተር ይዞ መዞር አይሆንልኝም። የሻርፔን ዘርፍ መቋጠር ያዝኩ። ያስመለሳት ቀን አንድ ክር እቋጥራለሁ፤ ደኅና የዋለች ቀን ክሩን እዘለዋለሁ። ዘርፉ እስኪጋመስ ጠበቅሁና በጣቴ ዳበስኩት። ሁለት ቋጠሮ፣ አልፎ አልፎ ሦስት፣ ከዚያ ልሙጥ። ደግሞ ሁለት ቋጠሮ፣ ከዚያ ልሙጥ። ቅዳሜና እሑድ ይቋጠራል፤ ከማክሰኞ እስከ ጁምዓ አንድም ቋጠሮ የለም።

የእርግዝና ማቅለሽለሽ የሳምንቱን ቀን ለይቶ ያውቃል እንዴ?

ሴቶቹን እንደ ዋዛ ጠየቅኋቸው። «ቅዳሜ ራሳችሁን ያማችኋል?»

ሁሉም ሳቁብኝ። «ቅዳሜ የማያመው ማን አለና! የቅዳሜ ራስ ምታት ነው እኮ» አለች አንዷ። ስም ሁሉ ወጥቶለት ነበር።

ወደ ካቦው ሄጄ የዶሮዎቹን ማለቅና የልጄን ማስመለስ ነገርኩት። ወፍራም፣ ፈገግታ የማይጠፋበት፣ ሰው ሲያናግር ትከሻ የሚነካ ሰው ነው። «እርግዝና ነው፣ እናቴ። የኔም ሚስት ታስመልስ ነበር» አለኝ።

«ሚስትህም ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር?»

ፈገግታው እዚያው ፊቱ ላይ ደረቀ። «ምን ለማለት ነው?»

«ምንም። ጠየቅሁ እንጂ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ትከሻዬን አልነካም። ባለፍኩበት ሁሉ ግን ዐይኑ ጀርባዬ ላይ እንደሆነ ይታወቀኝ ነበር።

ልጄን ቅሪ ብላት አሻፈረኝ አለች። «እማ፣ በዶሮ ተነሥተሽ እኔን ከሥራ ልታስወጪኝ? አንድ ቀን ከቀረሁ ቦታዬን ሌላ ትቀመጥበታለች። ለአራስነቴ ምን ልይዝ ነው?» እሷ እንደ አባቷ ናት፤ በዐይኗ ያላየችውን አታምንም።

በዚህ መሀል ነው መለኪያ የያዘው ሰውዬ የመጣው። ማክሰኞ ዕለት ነበር። ማሾውን የሚገዙት የውጭ ሰዎች ሠራተኛው የሚተነፍሰው አየር ይለካ ብለው ነው ተባለ። እትዬ ይህን ስትሰማ «ያ ረቢ! አየርም ግብር ሊወጣበት ነው?» አለች። ወጣት ነው፣ የከተማ ልጅ፤ ጫማው ንጹሕ፣ አማርኛውም እንደ ራዲዮ ሰው። ካቦው ከኋላው አይለይም። የክብሪት ሣጥን የምታክል፣ እንደ ባጅ ደረት ላይ የምትሰካ ነጭ ነገር ለእያንዳንዳችን አደለን። ሰዓት ሰዓቱን እያየ ይጣደፋል።

«ቀኑን ሙሉ ደረታችሁ ላይ ትዋል። አየሩን እየሳበች ትይዛለች፤ ሌላ ምንም አታደርግም።»

«አየሩን ብቻ? ወሬስ?» አለች እትዬ።

ሰውዬው ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። እኔ ግን አልሳቅሁም። አሰብኩት፤ እኔ ስለ ቅዳሜ ጠየቅሁ፣ ካቦው ፊቱን አጠቆረ፣ ወዲያው ደግሞ ደረት ላይ የምትሰካ ነገር መጣች። ቀኑን ሙሉ አታውልቋት ይላሉ። ማታ ሰብስበው ይወስዷታል። ለምን?

ወደ ልጄ ጆሮ ጠጋ ብዬ «ይህቺ ነገር ትሰማለች። ሸፍኛት» አልኳት።

«እማ ደግሞ!»

«ሸፍኛት ብያለሁ!» እጇን ይዤ ሻርፗን አጥፌ ደራረብኩባት። አጠገቤ ያለችው አየችና የራሷን ሸፈነች። ከሷ ወዲያ ያለችውም እንዲሁ። እስከ ዳር ድረስ እንደ እሳት ተያያዘ። እትዬማ ጡት ማስያዣዋ ውስጥ ከትታ በላዩ ሁለት ሻርፕ ጠመጠመችበት፤ «እዚህ ገብታ የምትሰማው የልቤን ትርታ ነው» አለች። ያን ቀን አንዲት ሴት ትንፍሽ አላለችም። ጫጫታው መንገድ ድረስ የሚሰማ መጋዘን የማሾው ኮሽታ ብቻ ይሰማበት ነበር። መለኪያዎቹ ሁሉ በጨርቅ ታፍነው ዋሉ። ሲመሽ ሰውዬው ሰብስቦ ሄደ።

ወር ያህል ቆይቶ ተመለሰ። ካቦው በር ላይ ሰበሰበን። ሰውዬው ወረቀት አውጥቶ ብዙ ነገር አነበበ፤ እኔ የያዝኩት መጨረሻውን ነው፤ «የተገኘው መጠን ከተፈቀደው በታች ነው» የሚለውን።

ካቦው አጨበጨበ። «አላልኳችሁም? ለዶሮ የሚያለቅስ ካለ አሁን ያልቅስ!» ሴቶቹ ሳቁ። አንዳንዶቹም አብረው አጨበጨቡ።

ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። «አየሽ እማ? ማኅተም ያለው ወረቀት ነው» አለች።

 ያ ወረቀት ከየት እንደመጣ የማውቀው እኔ ነኝ። በኔ እጅ ነው የተሠራ። እኔ ነኝ መለኪያዋን ያፈንኳት፣ አሁን ደግሞ ያችው መለኪያ ልጄን ግቢ፣ ጥረጊ፣ ሳቢው ትላለች። ቅዳሜ ሩቅ አይደለም፤ ሦስት ቀን ነው የቀረው።

ሰውዬው ከግቢው ውጭ ባጃጅ ሲጠብቅ ደረስኩበት። ወደ ኋላዬ አየሁ፤ ካቦው አልነበረም።

«ልጄ፣ ወረቀትህ ውሸት ነው» አልኩት።

«እንዴት እናቴ?» አለ፣ ትንሽ ተቆጥቶ።

«ያችን ነገርህን ሸፍነናት ነው የዋልን። ሁላችንም። ሻርፕ ሥር ነበረች።»

«ለምን?»

«እንዳትሰማን።»

በመጀመሪያ ሳቀ። ዐይኑ እስኪያነባ ሳቀ። ቀና ብሎ ፊቴን ሲያይ ሳቁ ቆመ። ባጃጁ ሲመጣ በእጁ ምልክት አሳልፎ ሰደደው።

«ኮቱ፣ ታኢ» አልኩት ሳላስበው፤ ቸኩዬ በኦሮምኛ ነው የወጣኝ። ግራ ሲገባው «ና፣ ተቀመጥ» አልኩት። በግቢው ግንብ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዶሮዎቹን ነገርኩት። ሻርፔን ፈትቼ ዘርፉን ጉልበቱ ላይ ዘረጋሁለት። በጣቱ እየዳበሰ ሁለት ጊዜ ቆጠረውና ቀኖቹን ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ይህን ለማን ሊሰጥ ነው? አልኩ በልቤ፤ ግን አንዴ አፌን ከፍቻለሁ።

«ክኒኑ መቼ ነው የሚደረገው?» አለኝ።

«ሐሙስ ማታ። የሚገለጠው ቅዳሜ።»

«እኔ የመጣሁት ማክሰኞ ነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

«ማክሰኞ ና ያለህ ማነው?»

ዞሮ ወደ መጋዘኑ በር ተመለከተ።

«እሺ፣ የተፈቀደ ያልከው ለማን ነው የተፈቀደ?» አልኩት።

«ለጤነኛ ሠራተኛ፣ በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ።»

«ለእርጉዝስ?»

እስክሪብቶውን ከማስታወሻው ላይ አነሳ።

«ከጠዋት እስከ መግሪብ ለምትቀመጥስ? አቧራውንም ክኒኑንም አንድ ላይ ለምትስብስ? ያንኑ ሻርፕ ለብሳ ቤቷ ገብታ ለምትተኛስ?»

«እናቴ፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኛ የምንለካው አንድ አንዱን ነው። አብረው ሲገቡ የሚሠሩትን የሚነግረኝ ቁጥር የለኝም። ቤት ይዛችሁት የምትሄዱትን አልለካሁም፤ ለነገሩ የት እንደምትቀመጡም ጠይቄ አላውቅም።» ማስታወሻውን አጥፎ «ቅዳሜ በማለዳ፣ ሸራው ሳይገለጥ እመጣለሁ። ለማንም አትናገሪ» አለኝ።

ልመነው? ድምፁን ዝቅ ያደረገው ለኔ አስቦ ነው ወይስ ለራሱ ፈርቶ? አላወቅሁም። ለልጄም አልተናገርኩ። ለእትዬ ብቻ በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ጠቆም አደረግኋት፤ ከእሷ የተደበቀ ነገር ስለሌለኝ።

በዚያው ቀን ልንወጣ ስንል ካቦው መጣና «በዚህ ሳምንት ክኒን አይደረግም፤ ነቀዝ የለም» አለ። ስንት ጊዜ ሠርቼ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ዐይኑን ከኔ ላይ አልነቀለም። ማን ነገረው? ሰውዬው? እትዬ? ወይስ ከግንቡ ኋላ የሰማ ነበር? እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ አላወቅሁም።

ጁምዓ ዕለት ወንዶቹ መስጊድ ሳሉ ሆን ብዬ በመጋዘኑ በኩል አለፍኩ። ጁምዓ ተከፍቶ የማያውቀው በር በሁለቱም በኩል ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሸራው አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። ሽታው መንገድ ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት። ክኒኑ ተደርጓል። የሚገለጥበትን ቀን ነው የቀየሩት። ነገ ያ ልጅ መለኪያውን ይዞ ሲመጣ ንፋስ ያጠበውን አየር ለክቶ፣ ሌላ ባለማኅተም ወረቀት ጽፎ ይሄዳል። በሌላው ሳምንት ደግሞ እንደ ዱሮው ይቀጥላል።

እዚያው መንገዱ ላይ ቆሜ አንድ ነገር ለራሴ ነገርኩ። መለኪያው እውነቱን እስኪያገኝ ድረስ ልጄን መለኪያ አላደርጋትም።

ቤት ስደርስ ሽንኩርት ሳቢ ማለቴን፣ መለኪያዋን ማፈኔን፣ የበሩን መከፈት፣ ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳት። «ወረቀቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ካመንሽ እኔን ነው ያመንሽው፤ እንግዲያው አሁንም እመኚኝ» አልኳት።  ሆዷን በእጇ ይዛ «ጁምዓ ለምን ከፈቱት?» አለች። ወዲያው መልሱ ለራሷ ገባት። ልብሷን ማጠፍ ጀመረች።

እትዬን ቅሪ ብዬ ለመንኳት። «እኔማ ሆዴ ባዶ ነው፣ ምን ይነካኛል?» አለች።

«ዶሮዎቹም ሆዳቸው ባዶ ነበር» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣች። ቅዳሜ እሷም ቀረች፣ መቅረቷን በኋላ ነው የሰማሁት።

ቅዳሜ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍረን ወደ ሰንበቴ ከተማ ወረድን። ታናሽ እህቴ ከከብት ገበያው ጀርባ ነው ቤቷ። መስኮቱን ስከፍት ረዳቱ «አቧራ ይገባል፣ እናት» ብሎ ተቆጣኝ። «ይግባ፣ የመንገድ አቧራ ነው» አልኩት። መንገዱን እየተጓዝን ሳለ ግን ያ ሽታ አብሮን ያለ መሰለኝ። ልጄን አሸተትኳት፣ ራሴን አሸተትኩ። ሻርፑ ነው! ቸኩዬ የሥራውን ሻርፕ ደርቤ ወጥቻለሁ። እሷም እንደዚሁ። በእውነት ሸትቶ ይሁን ፍርሃቴ ያመጣው፣ አላውቅም። አወለቅሁና ሁለቱንም በፌስታል አስሬ እግሬ ሥር ረገጥኳቸው።

እህቴ እጇን ዘርግታ እየሮጠች ወጣች። «አትንኪያት!» አልኳት።

«ኧረግ፣ ምን ሆነሻል? የእህቴን ልጅ ነው እንዴ የምትከለክይኝ? በደጄ ቆመሽ?»

«ውኃ አምጪ መጀመሪያ። ሳሙናም።»

«አብዳለች፣ ወላሂ አብዳለች» እያለች ውኃ አመጣች። ጓሮ ወስጄ ልጄን እንደ ሕፃንነቷ ከራሷ ጀምሬ አጠብኳት፤ ጥፍሯን ሳይቀር በስንጥር አጸዳሁ። እየሳቀች «እማ፣ ቆዳዬን ተይልኝ» ትላለች። ከዚያ ራሴን ታጠብኩ። ሻርፖቹን ከሰውና ከከብት አርቄ በሌላ ባልዲ ዘፈዘፍኳቸው። ቋጠሮዎቹ ውኃ ጠጥተው ጠበቁ፤ አልፈታኋቸውም፤ አንድ ቀን የሚጠይቅ ቢመጣ እንዳሉ ይቆዩ ብዬ።

እህቴ ገንፎ አገነፋችላት። ቅዳሜ ነበር፤ ልጄ ቅዳሜ እህል አይቆይላትም። አጠገቧ ተቀምጬ ጉሮሮዋን እያየሁ ጠበቅሁ። በላች። ደገመች። ተኛች። እሑድ ከገበያው የግመልና የፍየል ጩኸት ቀሰቀሳት፤ ያን ቀንም ምንም አላስመለሳት። ሰኞም እንደዚሁ። እጄን ወስዳ ሆዷ ላይ አደረገች። «ያዥው፣ እየተራገጠ ነው» አለች።

ያዝኩት። ካቦው እዚህ የለም። ሸራው የለም። አየሩ የከብትና የአቧራ አየር ነው። እህቴ በሩ ላይ ቆማ «አሁንስ ፈያ?» አለችኝ፣ ደኅና ናችሁ ወይ ማለቷ ነው።

«አዎ፣ ደኅና ነን» አልኳት። «ወጥተናል። ልጄም፣ በሆዷ ያለውም፣ እኔም ደኅና ነን፣ አልሀምዱሊላህ።»